የጦር ሐውልት ይነሣ ወይስ ይቆይ? የጣሊያን የቅኝ ጦርነት መታሰቢያዎች ክርክር

ጣሊያን በአፍሪካ ቀንድ ባካሄደቻቸው የቅኝ ጦርነቶች ስም ያቆመቻቸው ሐውልቶች ዛሬም በከተሞቿ አደባባዮች ይታያሉ። አንዳንዶቹ ድል ያውጃሉ፤ አንዳንዶቹ ሽንፈትን ወደ ገድል ለውጠዋል፤ አንዱ ደግሞ ትናንት ሊባል በሚችል ጊዜ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ነው። ይነሡ ወይስ ይቆዩ የሚለው ክርክር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ ሲብላላ ኖሮ በቅርብ ዓመታት እንደገና ጋለ። ኢትዮጵያ ለዚህ ክርክር የሩቅ ተመልካች አይደለችም፤ ድንጋዮቹ የሚናገሩት ስለ እሷ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

በዕድሜ ከሁሉም የሚቀድመው የዶጋሊ ሐውልት ነው። ጃንዋሪ 26 ቀን 1887 ራስ አሉላ ወደ ሰሐጢ ይጓዝ የነበረውን፣ በሌተና ኮሎኔል ቶማሶ ዴ ክሪስቶፎሪስ የሚመራውን የጣሊያን ጦር ዶጋሊ ላይ ከበው ደመሰሱት። ከ500 ያህል ወታደር ከ400 በላይ አለቀ። ወሬው ሮም ሲደርስ አገሩ በሐዘን ተመታ፤ መንግሥት ግን ሽንፈቱን ወደ ሰማዕትነት ለወጠው። አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ጁን 5 ቀን 1887፣ ሐውልቱ በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ተመረቀ። አርክቴክቱ ፍራንቸስኮ አዙሪ አዲስ ድንጋይ አላስጠረበም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሮም ውስጥ ከመሬት የወጣ፣ በጥንት ዘመን ከግብፅ ተጭኖ የመጣ የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ነበር፤ እሱን የሟቾቹ ስም በተጻፈበት መሠረት ላይ አቆመው። አደባባዩም «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ»፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ተባለ። ሐውልቱ በ1920ዎቹ ፈቀቅ ብሎ አሁን ወዳለበት ቦታ ተዛወረ፤ የአደባባዩ ስም ግን አልተነካም። አፍሪካውያን ወራሪን ስለመቱበት ጦርነት የሚተርከው መታሰቢያ ራሱ ከአፍሪካ የተወሰደ ድንጋይ መሆኑን የሚያስተውል መንገደኛ ጥቂት ነው።

ሐውልት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከወራሪ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በ1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በሚደፋበት ዋዜማ የዳግማዊ ምኒልክ የፈረስ ላይ ሐውልት አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ተመርቆ ነበር። ፋሺስቶች በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ እንደገቡ ነቅለው ቀበሩት። ምክንያቱን ለመረዳት አያዳግትም፤ ከዐድዋ ወዲህ ገና አርባ ዓመት ነበር፣ ያንን ሰው በየቀኑ ቀና ብሎ ማየት ለአዲሱ ገዥ የሚዋጥ አልነበረም። ንጉሡ ከሞቱ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖአቸዋል፤ ሐውልታቸውን ግን የጣሊያን ጦር እንደ አንድ ተዋጊ ቆጥሮ ማረከው። ከነፃነት በኋላ ከተቀበረበት ወጥቶ ዛሬ ባለበት ቆመ።

የይሁዳ አንበሳ ዕጣ ደግሞ ሌላ ነበር። ለገሀር ባቡር ጣቢያ ፊት ቆሞ የነበረው ይህ ወርቅ ቅብ አንበሳ ተነቅሎ በመርከብ ወደ ሮም ተወሰደ፤ የተቀመጠውም በዶጋሊ ሐውልት ሥር ነው። መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ የ1887ቱ ደም ተመለሰ ማለት ነው። በጁን 1938 ዘርአይ ደረስ የተባለ ኤርትራዊ ወጣት በዚያ አንበሳ ፊት ተንበረከከ፤ ከዚያም ሰይፉን መዝዞ በአካባቢው የነበሩትን ጣሊያኖች መታ። ስንት ሰው እንደመታ፣ ማንስ እንደሞተ የሚነገረው ይለያያል። እሱ ግን ተይዞ በጣሊያን የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ውስጥ ሲማቅቅ በ1945 አረፈ። አንበሳው በ1960ዎቹ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ዛሬ ለገሀር ፊት አለ። አንድ ሐውልት ከተማ ለከተማ እየተጓዘ ሦስት የተለያየ ትርጉም ሲይዝ ማየት ብርቅ ነው፤ የንጉሥ ክብር፣ የምርኮ ማሳያ፣ በመጨረሻም የተመለሰ ቅርስ ሆነ።

የአክሱም ሐውልት የሄደበት መንገድም ይኸው ነው፤ የተመለሰበት ግን እጅግ ረጅም ሆነ። 24 ሜትር ርዝመት፣ ከ150 ቶን በላይ ክብደት ያለው ይህ ድንጋይ በ1937 ተጭኖ ሄደ። ፋሺስቶች ሥልጣን የያዙበት የሮም ጉዞ መታሰቢያ በሚከበርበት በኦክቶበር 28 ቀን፣ በፖርታ ካፔና አደባባይ በቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ፊት ተመረቀ። በ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ ሁሉ በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ቃል ገባች። 18ቱ ወር ወደ 58 ዓመት ተጠጋ። ሐውልቱ በ2005 በሦስት ተቆርጦ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ደረሰ፤ በ2008 ተተክሎ ተመረቀ። ድንጋዩ በጣም ይከብዳል፣ መንገድ የለም፣ ሐውልቱ ከሮም ጋር ተዋህዷል የሚሉ ሰበቦች በየዘመኑ ሲደረደሩ ነበር። ያለ አውሮፕላን፣ በ1930ዎቹ መኪናና መርከብ ሲወሰድ ግን ክብደቱን ምክንያት ያደረገ አልነበረም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሁለቱም አገሮች በእጃቸው የቀረውን የፋሺስት ድንጋይ ምን እናድርገው የሚል ጥያቄ ገጠማቸው። አዲስ አበባ የሰጠችው መልስ ስድስት ኪሎ ላይ ይገኛል። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ግቢ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ ጣሊያኖች ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ የደረጃ ሐውልት ሠርተው ነበር፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 ጀምሮ ለአንድ የፋሺስት ዓመት ይቆማል። ከነፃነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም። በመጨረሻው እርከን አናት ላይ አንዲት ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠችበት። ጣሊያኖች ቆጥረው የደረደሩትን ዓመት ሁሉ አንበሳዋ ረግጣው ተቀምጣለች። በጥቂት ሲሚንቶ የተሠራ እንዲህ ያለ ምላሽ ብዙ መጽሐፍ የሚያወጣ ነው፤ በግቢው የሚያልፈው ተማሪ ሁሉ ታሪኩን ያውቃል ማለት ግን ያስቸግራል።

ሮም የመረጠችው ሌላ ነበር፤ የሚያሳፍረውን አንሥታ የሚያኮራውን አስቀረች። ሙሶሊኒ ከኮሎሲየም ወደ ቬኔዚያ አደባባይ በሚወስደው መንገድ ዳር የሮማውያንን ግዛት መስፋፋት የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች በ1934 አስቀምጦ፣ በ1936 አምስተኛውን ጨመረ፤ እሱም ኢትዮጵያን የያዘውን የፋሺስት ግዛት የሚያሳይ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አምስተኛው ወረደ። አራቱ ዛሬም ግድግዳው ላይ አሉ፤ ጎብኚም ያነሣቸዋል። በስፖርት ማዕከሉ በፎሮ ኢታሊኮ ደግሞ የሙሶሊኒ ስም በትልልቅ ፊደል የተቀረጸበት ረጅም የእብነ በረድ ሐውልት እንደቆመ ነው፤ በ1936 የታወጀውን ግዛት የሚያወድሱ የድንጋይ ጽሑፎችም በአጠገቡ አሉ። ከጦርነቱ በኋላ የፋሺዝምን መውደቅና የሪፐብሊኩን መመሥረት የሚናገሩ ሌሎች ድንጋዮች ተጨመሩላቸው።

ከሁሉም የሚያስገርመው የሰራኩዛው ነው። ቀራፂው ሮማኖ ሮማኔሊ በፋሺስቱ ዘመን ማብቂያ አካባቢ አዲስ አበባ ላይ ሊቆም የታሰበ፣ በአፍሪካ ለወደቁ ጣሊያኖች የሚሆን ግዙፍ መታሰቢያ ሠርቶ ነበር። መርከቡ ሳይነሣ ጦርነቱ መጣ፤ ግዛቱ ጠፋ። ቅርጾቹ ሲሲሊ ውስጥ ቀርተው በኋላ በሰራኩዛ ባሕር ዳር ተተከሉ። አዲስ አበባ ላይ የሚቆምለት ሕዝብ ያጣው ሐውልት በዚህ ዓይነት ከግዛቱ በኋላ፣ በሪፐብሊኩ ዘመን ቆመ።

እነዚህን ድንጋዮች ማንሣት ዛሬ ቀላል የማይሆንበት የሕግ ምክንያትም አለ። የጣሊያን የባህል ቅርስ ሕግ በመንግሥት ወይም በማዘጋጃ ቤት እጅ ያለ፣ ሠሪው የሞተና ከ70 ዓመት በላይ የሆነው ሥራ ሁሉ ቅርስ ሊሆን ይችላል ብሎ ይጠብቀዋል። ስለዚህ አንድ ከንቲባ የፋሺስት ሐውልት ላንሣ ቢል የቅርስ ባለሥልጣናቱን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ፋሺዝምን ማወደስ በ1952ቱ የሼልባ ሕግ ወንጀል ነው፤ ፋሺዝም ራሱን ያወደሰበት ድንጋይ ግን ዕድሜ ስለጠገበ የሚጠበቅ ቅርስ ሆነ።

ይቆዩ የሚሉት ወገኖች ዋናው መከራከሪያ ታሪክ መሰረዝ የለበትም የሚለው ነው። ሐውልት ማስረጃ ነው ይላሉ፤ የወንጀሉን ማስረጃ የሚያጠፋ ወንጀለኛውን ይረዳል። የኪነ ሕንፃ ሰዎች ደግሞ የዘመኑ ሥራ በውበቱ ሊፈረድ ይገባል ይላሉ። በ2017 አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ሩት ቤን ጊያት የፋሺስት ሐውልቶች በጣሊያን እንዴት እስከ ዛሬ ቆሙ ብላ ስትጠይቅ በጣሊያን ጋዜጦች ቁጣ ተነሣ፤ ማን ኮሎሲየም ይፍረስ አለ የሚሉም ነበሩ። ጥያቄዋ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ብዙ ሰው «አራት ማዕዘኑ ኮሎሲየም» የሚለው በኤኡር ሰፈር ያለው ነጭ ሕንፃ የጣሊያንን ሕዝብ በባለቅኔነት፣ በጀግንነት፣ በመርከበኝነት የሚያወድስ ጽሑፍ አናቱ ላይ ተጽፎበታል። ቃሉ የተወሰደው ሙሶሊኒ በኦክቶበር 2 ቀን 1935፣ በኢትዮጵያ ላይ ጦርነት ሊከፍት ሲል ካደረገው ንግግር ነው። ሕንፃው ዛሬ የአንድ ታዋቂ የፋሽን ድርጅት መሥሪያ ቤት ነው። ጎብኚው የቅስቶቹን ውበት ያደንቃል፤ ያ ንግግር ስንት ቦምብና ስንት የመርዝ ጢስ እንዳስከተለ የሚነግረው የለም። ታሪክ አይሰረዝ የሚለው ሙግት የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። ሐውልት ታሪክ እንዲያስተምር የሚፈለግ ከሆነ ታሪኩ በአጠገቡ መነገር አለበት፤ ካልተነገረ የተጠበቀው ድንጋዩና ውዳሴው ብቻ ነው።

ይነሡ የሚሉት ደግሞ አደባባይ ሙዚየም አይደለም ይላሉ። ሙዚየም የገባ ዕቃ ይጠናል፤ አደባባይ ላይ በእርከን ከፍ ብሎ የቆመ ግን ይከበራል። በዩናይትድ ስቴትስ የደቡብ ኮንፌዴሬሽን ሐውልቶች ላይ የተነሣው ክርክር ያተኮረው በዚህ ላይ ነበር፤ ብዙዎቹ የቆሙት ጦርነቱ ባበቃበት በ1865 ሳይሆን ከአሥርት ዓመታት በኋላ፣ ጥቁሮች መብታቸውን በሚነጠቁበት ዘመን መሆኑ ሲወሳ ነገሩ ተገለጠ። የጄኔራል ሮበርት ሊ ሐውልት ሪችመንድ ላይ የቆመው በ1890 ነው፤ የተነሣው በ2021። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ በመንገድ መገናኛ መሐል ለ130 ዓመት የቆመው የኮንፌዴሬሽን ወታደር በጁን 2020 ተነሣ፤ ያነሡትም ባለቤቶቹ፣ የኮንፌዴሬሽኑ ሴት ልጆች ማኅበር ራሳቸው ናቸው። ለማመዛዘን የሚረዳው መለኪያ ከዚህ ይወጣል፤ ሐውልቱ ስለ የትኛው ጦርነት ነው ከሚለው በፊት ማን፣ መቼ፣ በማን ላይ አቆመው ተብሎ ይጠየቃል።

በማንሣትና በመተው መካከል ያለውን መንገድ በደንብ የሞከረችው ቦልዛኖ ናት። ከተማዋ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት የኦስትሪያ ነበረች፤ አብዛኛው የአካባቢው ሕዝብም ጀርመንኛ ተናጋሪ ነው። ፋሺስቶች ለኦስትሪያ ወታደሮች ይሠራ የነበረ፣ ገና ያላለቀ መታሰቢያ አፍርሰው በቦታው በማርቼሎ ፒያቼንቲኒ የተነደፈውን የድል ሐውልት በ1928 አስመረቁ። ግንባሩ ላይ ያለው የላቲን ጽሑፍ ለሌሎች ቋንቋን፣ ሕግንና ጥበብን ያስተማርነው ከዚህ ነው የሚል ነው። ለጀርመንኛ ተናጋሪው ይህ የዕለት ስድብ ነበር፤ ለብዙ ጣሊያንኛ ተናጋሪ ደግሞ በጠረፍ ላይ የቆመ የማንነቱ ምልክት። ማዘጋጃ ቤቱ የአደባባዩን ስም በ2001 ከድል ወደ ሰላም ለወጠው፤ በማግሥቱ ዓመት ሕዝብ ድምፅ ሲሰጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው የድል ስም ይመለስ አለ። እንዲህ ባለ ቦታ ሐውልቱን መንቀል ቁስሉን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ማዛወር ብቻ ይሆን ነበር።

የተመረጠው መፍትሔ ከሐውልቱ ሥር ነበር። በ2014 በምድር ቤቱ ውስጥ ከ1918 እስከ 1945 ያለውን የከተማዋን ታሪክ፣ የፋሺዝሙንም የናዚውንም፣ የሚያሳይ ቋሚ ዐውደ ርእይ ተከፈተ። ከላይ ደግሞ ከአምዶቹ አንዱ ላይ ፊደል የሚዞርበት የኤሌክትሪክ ቀለበት ተጠለቀ፤ ሐውልቱ ጣቱ ላይ ቀለበት እንደተደረገለት እስረኛ ይመስላል። በዚያችው ከተማ በቀድሞው የፋሺስት ፓርቲ ቤት ግንባር ላይ ሙሶሊኒ በፈረስ የተቀመጠበት፣ በሐንስ ፒፍራደር የተቀረጸ ግዙፍ የድንጋይ ሥዕል አለ፤ የመጨረሻዎቹ ክፍሎች የተሰቀሉት በ1957 ነው፣ ሙሶሊኒ ከሞተ ከ12 ዓመት በኋላ። በ2017 የፈላስፋዋ የሐና አረንት አንድ ዐረፍተ ነገር በሦስት ቋንቋ በብርሃን ፊደል ተደረበበት፤ ለመታዘዝ መብት ያለው የለም የሚል ሐሳብ ያለው ነው፣ እመኑ፣ ታዘዙ፣ ተዋጉ ለሚለው የፋሺስት መፈክር ምላሽ። ድንጋዩ አልተነካም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ብቻውን አይናገርም። የስድስት ኪሎዋ አንበሳ ይህንን ከሰባ ዓመት በፊት አድርጋዋለች።

ቦልዛኖ ያን ያህል ስትጠበብ፣ ከሮም በስተምሥራቅ ያለችው ትንሿ አፊሌ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄደች። በኦገስት 2012 የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ለማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ መታሰቢያ መረቀ። ከላዩ «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ቃላት ተጽፈውበታል፤ ከ120 ሺህ ዩሮ በላይ የወጣበትም ከላዚዮ ክልል ካዝና ነው። ግራዚያኒ በአፊሌ አድጎ እዚያው ተቀበረ፤ የአገር ልጅነቱ እውነት ነው። የቀረው ታሪኩ ግን የሊቢያና የኢትዮጵያ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በቤተ መንግሥቱ ግቢ ቦምብ ከወረወሩበት በኋላ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ለሦስት ቀን አዲስ አበባን አረዷት፣ ቤቷንም አቃጠሉ። ኢትዮጵያ የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ትላለች፤ የውጭ አጥኚዎች ከዚህ ያነሰ ይገምታሉ፣ ግምታቸውም በሺዎች የሚቆጠር ነው። በግንቦት ደግሞ ደብረ ሊባኖስ ላይ መነኮሳቱ ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ በቴሌግራም 297 መነኮሳት መገደላቸውን ለሮም አሳወቀ፤ በኋላ ጥናት ያደረጉት ኢያን ካምፕቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ቁጥሩን ከ1,400 በላይ አድርሰውታል።

ለዚህ ሁሉ ማንም አልጠየቀውም። በ1948 በተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ፊት ኢትዮጵያ ያቀረበችው ዝርዝር ግራዚያኒንና የወረራውን ጦር ያዘዘውን ማርሻል ባዶሊዮን የያዘ ነበር፤ ለፍርድ ግን አልቀረቡም። የጣሊያን ወታደራዊ ፍርድ ቤት በ1950 19 ዓመት የፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነበር፤ ከጥቂት ወር በኋላም ተፈታ። ስለዚህ የአፊሌው መታሰቢያ የቆመለት ሰው ኢትዮጵያ ላይ ለሠራው ግፍ በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ አልተጠየቀም። ኢትዮጵያውያን በአዲስ አበባ፣ በሮም፣ በዩናይትድ ስቴትስና በሌላም አገር ተቃውሞ ወጡ። የጣሊያን ፓርቲዛኖች ማኅበርም ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። በ2017 የቲቮሊ ፍርድ ቤት ፋሺዝምን በማወደስ ከንቲባውን በስምንት ወር፣ ሁለት የምክር ቤቱን ኃላፊዎች በስድስት ስድስት ወር እሥራት ቀጣ፤ ክርክሩ በይግባኝ ቀጠለ።

በአፊሌ ጉዳይ ታሪክ አይሰረዝ የሚለው ሙግት ቦታ የለውም። የተሰረዘ ታሪክ አልነበረም፤ ሰባት አሥርት ዓመት ካለፈ በኋላ አዲስ ድንጋይ ተሰርቶ ቆመ። ከአያት የወረሱትን ሐውልት ምን እናድርገው ብሎ መከራከር ተገቢ ነው። በገዛ ዘመን፣ ዐውቆ፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚቆም ሐውልት ግን ክርክር አይደለም፤ አቋም ነው። ስለዚህ ለአፊሌው የሚስማማው መልስ የቦልዛኖው ቀለበት ሳይሆን ማንሣት ነው።

ሐውልት ከሌለበት ስም አለ። ሮም ውስጥ በአምባ አራዶም ስም የሚጠራ መንገድ አለ፤ በየካቲት 1928 ዓ.ም. የራስ ሙሉጌታ ጦር በቦምብና በመርዝ ጋዝ የተመታበት አምባ ነው። «አምባራዳን» የሚለው የጣሊያንኛ ቃል ዛሬ ትርምስ ማለት ነው፤ የሚናገረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከየት እንደመጣ አያውቅም። በ2020 በዚያ አካባቢ ይሠራ ለነበረው የምድር ባቡር ጣቢያ በአምባ አራዶም ፈንታ የጆርጆ ማሪንኮላ ስም ይሰጠው የሚል ጥያቄ ተነሣ። ማሪንኮላ ከሶማሊያዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት የተወለደ፣ በሜይ 1945 በናዚ ኤስኤስ የተገደለ ፓርቲዛን ነው። የከተማው ምክር ቤት ሐሳቡን ደገፈው። ጣቢያው ዛሬ የሚጠራው ግን ፖርታ ሜትሮኒያ ተብሎ ነው፤ የአምባውም የፓርቲዛኑም ስም ቀርቶ የጥንት በር ስም አገኘ። በማዘጋጃ ቤት ዘንድ እንዲህ ዓይነቱ መሐል ሰፋሪነት ብዙ ጊዜ ያሸንፋል።

በዚያው ዓመት ሚላን ውስጥ የጋዜጠኛው ኢንድሮ ሞንታኔሊ ሐውልት ቀይ ቀለም ተደፋበት። ሰውየው በ1935 ወደ ኢትዮጵያ ጦርነት በፈቃዱ የዘመተ፣ የኤርትራ አስካሪዎችን ያዘዘና እዚያ ሳለ ልጅ እግር ኤርትራዊት «ሚስት» ገዝቶ እንደነበር ራሱ በአደባባይ የተናገረ ነው። ለብዙ ዓመታት ጣሊያን ጋዝ አልተጠቀመችም ብሎ ሲከራከር ቆይቶ፣ በ1996 የመከላከያ ሚኒስትሩ እውነቱን በፓርላማ ሲያምኑ የታሪክ ጸሐፊውን አንጀሎ ዴል ቦካን ይቅርታ ጠየቀ። ከንቲባው ሐውልቱ ይቆይ አሉ፤ ቀለሙም ታጠበ። ይህ ሐውልት የጦር ሐውልት አይደለም፤ ቢሆንም በክርክሩ ምክንያት ስለ ጋዙና ስለ ልጅቷ የሰማው ጣሊያናዊ ቀድሞ ከሰማው ይበልጣል።

ኢትዮጵያም የራሷ ጣጣ አለባት። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የሌኒን ሐውልት ከአዲስ አበባ የወደቀው ደርግ ሲወድቅ ነው። ጣሊያን የቀበረው የምኒልክ ሐውልት ዛሬ በገዛ አገሩ ሰዎች መካከል የክርክር ርእስ ሆኗል፤ በአርሲ የአኖሌ መታሰቢያም በ2006 ዓ.ም. ሲመረቅ ይህንኑ ክርክር አግሎታል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሐዘንና በቁጣ ሰዓት፣ የዐድዋው ዘማች የራስ መኮንን ሐውልት ሐረር ላይ ተገለበጠ፤ በዚያው ቀን አካባቢም ለንደን ዊምብልደን መናፈሻ ውስጥ የነበረው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቅርጽ ተሰባበረ። የሐውልቱ ተቃዋሚም ደጋፊም ትክክለኛ ጥያቄ ሊኖረው ይችላል። ሕዝብ የሚጨቃጨቅበትን ድንጋይ ግን በአንድ ሌሊት መገልበጥ ጥያቄውን አይመልስም፤ ሸንጎ ሳይቀመጥበት፣ ተከራካሪ ሳይሰማበት፣ የተነሣበት ምክንያት ሳይጻፍ የወደቀ ሐውልት ቂም ትቶ ይሄዳል። የቦልዛኖ ሰዎች የተከራከሩት ዓመታት ቀላል አይደሉም፤ ይሁን እንጂ የተስማሙበትን ማንም በሌሊት አልገለበጠውም።

የዶጋሊው ሐውልት እስከ ዛሬ ከቴርሚኒ ጥቂት ርምጃ ርቆ ቆሟል። አካባቢው ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞች ለብዙ ዓመታት ሲገናኙበት የኖሩት ሰፈር ነው። በመሠረቱ ላይ የተጻፈው የወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ስም ነው። በዚያች ቀን አገራቸውን ሲጠብቁ የወደቁት የራስ አሉላ ወታደሮች ስም እዚያ የለም።